ከቬጋስ የተገዛ ሞተር ሎስ አንጀለስ ሰሌዳ ያገኛል ወይ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ሎስ አንጀለስ ነው የምኖረው። ዴሊቨሪ እሠራለሁ። መኪናዬ ቤንዚን እየበላ ገቢዬን ጨረሰው፣ ስለዚህ ሞተር ልገዛ ነው። የአጎቴ ልጅ ላስ ቬጋስ የ2021 ካዋሳኪ ኒንጃ 400 አግኝቶልኛል። 4,100 ማይል ነው የሄደው፣ ዋጋው 3,800 ዶላር። እዚህ እሱን የመሰለ ከ5,000 በታች አላገኘሁም። አንዱ ጓደኛዬ ‹ዲኤምቪ (የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ) አይቀበልህም› አለኝ። ሌላው ‹ለሞተር ስሞግ (የጭስ ምርመራ) የለም፣ ምን ያስፈራሃል› አለኝ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ‹በእኔ ስም አወጣዋለሁ፣ በኔቫዳ ሰሌዳ ንዳው፣ 7,500 ማይል ሲሞላ ወደ አንተ አዞረዋለሁ፤ ካልሆነም ስጦታ ብዬ እሰጥሃለሁ› ይላል። እሱ ራሱ በቅርቡ ጠቅልሎ ወደዚህ ሊመጣ ነው፣ የራሱ ሞተርም አለው። ማንን ልስማ?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም ጓደኞችህ አልዋሹህም። አንደኛው ስለ አንድ ሕግ፣ ሌላው ስለ ሌላ ሕግ ነው ያወሩህ። የአጎትህ ልጅ ግን ልቡ ቅን ቢሆንም ምክሩ ጣጣ ውስጥ ይከትሃል።

ዋናውን ላስቀድም። ገንዘቡን ከመላክህ በፊት የሞተሩን የጭስ ስቲከር ፎቶ አስነሳና ይላክልህ። ስቲከሩ ላይ ካሊፎርኒያ የሚል ካለ ግዛው፣ 4,100 ማይሉ ምንም አያመጣብህም። ከሌለ ግን በነጻ ቢሰጡህም አትውሰደው። የተሽከርካሪ ወረቀት ማስጨረስ ሥራዬ ነው። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፍሎ፣ ሞተሩን አምጥቶ፣ ዲኤምቪ መስኮት ላይ ከተመለሰ በኋላ ነው። አንተ ቀድመህ በመጠየቅህ ግማሹን ችግር አልፈኸዋል።

መጀመሪያ የስሞጉን ነገር እንገላገለው። ካሊፎርኒያ ውስጥ መኪና በአብዛኛው በየሁለት ዓመቱ ስሞግ ይገባል። ሞተርሳይክል አይገባም። አሮጌ ሆነ አዲስ፣ ከሌላ ግዛት መጣ አልመጣ፣ ጋራዥ ወስደህ ጭሱን የምታስለካበት ግዴታ የለብህም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሞተርም እንደ መኪና ይመርመር የሚል ረቂቅ ሕግ ለግዛቱ ሴኔት ቀርቦ ነበር። ሞተር ነጂው ተንጫጫ፣ ረቂቁም እየተቀየረ ሄዶ በ2010 ሲፈረም የማርሚታ ድምፅ ሕግ ሆኖ ወጣ። ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ። ለጊዜው ግን ሁለተኛው ጓደኛህ ልክ ነው፣ ስሞግ የለም።

ነገር ግን ስሞግ የሚጠይቀው ሞተሩ ዛሬ ምን ያህል እንደሚያጨስ ነው። ዲኤምቪ አንተን የሚጠይቅህ ሌላ ነው። ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ለካሊፎርኒያ ተፈቅዶ ነው ወይ የወጣው? ይህን ደግሞ ማንም ጋራዥ በመሣሪያ ለክቶ አይመልስልህም።

አሜሪካ ውስጥ የጭስ ሕግ የሚያወጣው የፌዴራል መንግሥት ብቻ አይደለም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኢፒኤ አለ፣ የካሊፎርኒያው የአየር ጥበቃ ቦርድ ካርብ ደግሞ አለ። ነገሩ የቆየ ነው። በ1943 ሐምሌ ወር ሎስ አንጀለስን የሸፈነው ጭጋግ ዓይን እያቃጠለ ሰውን ሲያስለቅስ፣ ዘመኑ የጦርነት ነበርና የጠላት ጋዝ የመሰለው ሰውም ነበር። ከዚያ በኋላ ግዛቲቱ ከፌዴራሉ ቀድማ በራሷ ሕግ ማውጣት ጀመረች። ካርብ በ1967 ተቋቋመ። ቀድማ ስለጀመረችም ከፌዴራሉ የጠበቀ የራሷን ሕግ እንድታወጣ ተፈቀደላት። በዚህ የተነሳ ፋብሪካዎች ሁለት ዓይነት ሞተር ያመርታሉ። አንዱ የሁሉንም ግዛት ሕግ የሚያሟላ ነው፣ ሃምሳውም ግዛት ይሸጣል። ሌላው ከካሊፎርኒያ በስተቀር ለቀሩት አርባ ዘጠኝ ግዛቶች የተሠራ ነው። ሻጮች «ፎርቲ ናይን ስቴት» ሲሉ ብትሰማ ይህንን ማለታቸው ነው።

ሁለቱ ሞተሮች ጎን ለጎን ቢቆሙ ዓይንህ ላይለያቸው ይችላል። እንደ ኒንጃህ ከ280 ሲሲ በላይ ለሆኑ ሞተሮች ካሊፎርኒያ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ከማርሚታ የሚወጣውን ሃይድሮካርቦንና ናይትሮጅን ኦክሳይድ አንድ ላይ በኪሎሜትር 0.8 ግራም ላይ ገድባዋለች። ፌዴራሉም በ2010 ሞዴል እዚያው ቁጥር ላይ ደረሰ። ስለዚህ በጭስ ማውጫው በኩል ልዩነታቸው ጠብቧል። የቀረው ዋና ልዩነት ከቤንዚን ታንኩ የሚተነው ነው። ሞተር ፀሐይ ላይ ሲውል፣ ጠፍቶ ቆሞም ቢሆን፣ ከታንኩ የቤንዚን ትነት ይወጣል። ካሊፎርኒያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህ ትነት እንዲያዝ ታስገድዳለች። የሚይዘው ውስጡ ከሰል ያለበት ትንሽ ጣሳ ነው፣ መካኒኮች ካኒስተር ይሉታል። ትነቱን ይውጥና ሞተሩ ሲነሣ መልሶ ወደ ሞተሩ ይሰደዋል፣ እዚያ ይቃጠላል። የአርባ ዘጠኙ ግዛት ሞተር ብዙ ጊዜ ይህ ጣሳ የለውም። ሰው «ሞተሬ አዲስ ነው፣ ምንም አያጨስም» እያለ የሚከራከረው ይህን ስለማያውቅ ነው። ቢያውቀውም ክርክሩ መስኮት ላይ አይሠራም። እዚያ ያለችው ሠራተኛ የምታየው ወረቀትና ስቲከር ነው።

አሁን ወደ 7,500 እንምጣ። ሕጉ እንዲህ ነው የሚሠራው። የካሊፎርኒያ ነዋሪ በእጁ ሲያስገባው ከ7,500 ማይል በታች የሄደ ተሽከርካሪ እንደ አዲስ ይቆጠራል። በፊት ሦስት ሰው ተፈራርቆበት ሊሆን ይችላል፣ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀቱ) በስም ተላልፎበት ሊሆን ይችላል። ሕጉ ግድ አይሰጠውም፣ ለእሱ አዲስ ነው። አዲስ የሆነ ነገር ደግሞ ለካሊፎርኒያ ካልተፈቀደ እዚህ አይመዘገብም። 7,500 እና ከዚያ በላይ ከሄደ ያገለገለ ነው፣ ለአርባ ዘጠኙ ግዛት የተሠራ ቢሆንም ይመዘገባል። ሌላ ረቀቅ ያለ ነገር የለውም።

ሁሉም የሚስተው ግን «በእጁ ሲያስገባው» የሚለውን ነው። ማይሉ የሚቆጠረው ዲኤምቪ በር ላይ የቆምክ ቀን አይደለም። ሞተሩን የገዛህበት ወይም የተረከብክበት ቀን ነው። 4,100 ላይ ገዝተህ እስከ 7,600 ብትነዳው ለሕጉ አሁንም በ4,100 የተገዛ ነው። ታይትሉ ላይ ሲሸጥ የነበረው ማይል ይጻፋል፣ በሽያጭ ወረቀቱም ላይ ይኖራል፣ ኢንሹራንስህ የጀመረበት ቀንም የሆነ ቦታ ተመዝግቧል። እነዚህ ተያይተው ካልገጠሙ ጥያቄው ይነሣል። ፎርሞቹን ደግሞ ሐሰት ብናገር በሕግ ልጠየቅ ብለህ ነው የምትፈርመው። ለ1,200 ዶላር ቅናሽ ያን ፊርማ አልፈርምም።

«በእኔ ስም አወጣዋለሁ፣ አንተ ንዳው» የሚለው ከዚህም ይብሳል። አንደኛ፣ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ሆነህ እዚሁ እያደረ የሚነዳ ሞተር በኔቫዳ ሰሌዳ መያዝ አይፈቀድልህም። የሀይዌይ ፖሊሱ በሌላ ግዛት ሰሌዳ እየነዳ ግብር የሚሸሸውን ነዋሪ ሕዝቡ እንዲጠቁመው ራሱን የቻለ ፕሮግራም አለው፣ ስሙንም «ቺተርስ» ብለውታል። ጎረቤትህ የማርሚታህ ድምፅ ካስጠላው ማንን እንደሚያገኝ ያውቃል ማለት ነው። ሁለተኛና ዋናው፣ ኢንሹራንሱ ነው። ሞተሩ ቬጋስ ያድራል ተብሎ በአጎትህ ልጅ ስም የተገዛ ኢንሹራንስ አንተ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስትጋጭ «ይህን አላወቅንም» ቢል አትደነቅ። ያኔ የሌላውን ሰው የሆስፒታል ወጪ የምትከፍለው ከኪስህ ነው። ባለቤቱ በወረቀት እሱ ስለሆነ እሱንም አብረህ ትጎትተዋለህ።

የአጎትህ ልጅ በእውነት ሞተሩን ለራሱ ገዝቶ፣ እዚያው ቬጋስ ራሱ እየነዳው 7,500 አልፎት፣ ከዚያ ቢሸጥልህ ግን ምንም ነውር የለበትም። አንተ እጅ የገባው ካለፈ በኋላ ነውና። እንደዚያ ከሆነ ግን አንተ እየጠበቅህ ነው፣ ዴሊቨሪውም በመኪናህ ይቀጥላል።

ስጦታውስ? እዚህ ላይ ሰው ሁለት ነገር ያቀላቅላል። ስጦታ ግብሩን ያስቀርልሃል። ገንዘብ ሳይለዋወጥ በእውነት የተሰጠ ከሆነ ዲኤምቪ የሽያጭ ግብር አይሰበስብብህም። የ7,500ውን ሕግ ግን ስጦታ አያነሣውም። በስጦታም ቢሆን እጅህ የገባው በ4,100 ማይል ነው። ከፍለህ ገዝተህ ሲያበቃ «ስጦታ ነው» ብለህ መፈረም ደግሞ ያው የሐሰት ፊርማ ነው።

ሕጉ የሚያውቃቸው በሮች አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው። ሞተሩን በውርስ ያገኘህ ከሆነ ወይም በፍቺ ፍርድ ቤት ለአንተ የወሰነልህ ከሆነ ይፈቀዳል። ካሊፎርኒያ የተመዘገበ ሞተርህን ይዘህ ሌላ ግዛት ሄደህ እዚያ ቢሰረቅብህ ወይም ከጥገና በላይ ቢሆንብህ፣ እዚያው ምትኩን ገዝተህ መግባት ትችላለህ። እነዚህ አንተን አይመለከቱም።

አንዱ በር ግን የአጎትህን ልጅ ይመለከታል። ከሌላ ግዛት ጠቅልሎ የሚመጣ ሰው፣ እዚያ ሳለ በራሱ ስም አስመዝግቦ የያዘውን ሞተር ማይሉ ምንም ቢሆን፣ ስቲከሩ ምንም ቢል ይዞ ገብቶ ማስመዝገብ ይችላል። ወታደር ከሆነም የመጨረሻ የሥራ ቦታው ላይ አስመዝግቦት ከነበረ እንደዚያው ነው። ስለዚህ የእሱን ሞተር አትፍራለት። ንገረው ግን፣ የኔቫዳውን የምዝገባ ወረቀት እንዳይጥለው። ማስረጃው እሱ ነው። ሎስ አንጀለስ ሥራ ከጀመረ ወይም ነዋሪ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካደረገ፣ ለምሳሌ ልጆቹን የመንግሥት ትምህርት ቤት ካስገባ ወይም ለመምረጥ ከተመዘገበ፣ ሞተሩን ለማስመዝገብ 20 ቀን አለው። መንጃ ፈቃዱን ለመቀየር ደግሞ 10 ቀን ብቻ። ሊመጣ ሲል ለመንገድ ብሎ አዲስ ሞተር እንዳይገዛ። የካሊፎርኒያ አድራሻ ከያዘ በኋላ ቬጋስ ሄዶ የሚገዛው ሞተር በእሱም ላይ እንደ አንተው ነው የሚቆጠረው።

አሁን ስቲከሩ። ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ ልንገርህ። የአጎትህ ልጅ ሞተሩ ጋ ሄዶ ከመሪው በታች የሻንሲውን አንገት በግራም በቀኝም ይይ። እዚያ ካጣው ከመቀመጫው ሥር ወይም የኋላ ጎማውን በያዘው ክንድ ላይ ይፈልግ። ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ስቲከር ነው የሚያገኘው። አንዱ የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ የፌዴራሉን የደኅንነት ደረጃ ያሟላል የሚል ነው፣ ያ ስለ ፍሬንና ስለ መብራት ነው የሚያወራው። ሌላው የድምፅ ነው፣ 80 ዲሲቤል የሚል ቁጥር ታይበታለህ። እነዚህን ፎቶ አንስቶ «ይኸው ተገኘ» የሚል ሰው በዝቷል። የሚፈለገው የጭስ ልቀት መረጃ የሚለው ነው። የሞተሩ ሲሲ፣ የካንዴላ ዓይነት፣ ሚኒሞው ስንት ዙር እንደሚሆን የተጻፈበት ነው። ከእነዚህ ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፣ ይህ ተሽከርካሪ ለ2021 ሞዴል አዲስ ሞተርሳይክሎች የወጣውን የኢፒኤ ደንብ ያሟላል የሚል። እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከኢፒኤ ቀጥሎ «እና ካሊፎርኒያ» የሚል ካለ አለቀልህ። ኢፒኤ ብቻ ብሎ ካቆመ የአርባ ዘጠኙ ግዛት ነው፣ በ4,100 ማይል አንተ ልታስመዘግበው አትችልም።

እዚያው ስቲከር ላይ አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር የተደረደረበት የሞተር ቤተሰብ ኮድ አለ። እሱን በግልጽ አስነሣው። ካርብ የፈቀዳቸውን ሞተሮች በዚህ ኮድ እየዘረዘረ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል፣ ራስህ ገብተህ ማየት ትችላለህ። ስቲከሩ ከተፋቀ ወይም ሞተሩ ተቀብቶ ከተሸፈነ ደግሞ የካዋሳኪ ዲለር በሻንሲ ቁጥሩ ከፋብሪካው ሊያጣራልህ ይችላል። «ስቲከሩ ወድቋል እንጂ የካሊፎርኒያ ነው» በሚል በሻጩ ቃል ብቻ ግን ብር አትላክ። ሻጩ ቬጋስ ነው የሚኖረው፣ እዚያ ይህ ነገር ማንንም አያስጨንቅም። አውቆ ባይዋሽም ላያውቅ ይችላል።

ዴሊቨሪ የምትሠራ ስለሆነ፣ ይህ ካልሆነልህ ቀጥሎ ዓይንህ የሚያርፍበትን አውቀዋለሁ። ከሌላ ግዛት በሳጥን ታሽጎ እቤት ድረስ የሚላከው ርካሽ የቻይና 150 ሲሲ ስኩተር ነው። ተጠንቀቅ። ብዙዎቹ የፌዴራሉን ፈቃድ ይዘዋል፣ የካርብን አልያዙም። ሳጥን ውስጥ ያለ ስኩተር ማይሉ ዜሮ ነው። ዲኤምቪ ሄደህ ሲመልሱህ ሻጩ ስልክ አያነሣም፣ ቢያነሣም «ፈቶ የገጣጠመውን አንመልስም» ይልሃል። ማስታወቂያው ላይ «ካርብ አፕሩቭድ» የሚል ጽሑፍ ማየት አይበቃም። ያንኑ አሥራ ሁለት ፊደል ኮድ ላኩልኝ በል። የማይልክ ከሆነ መልሱን አግኝተሃል። እነዚህን ስኩተሮች ወገኖቻችን ተበድረው ሲገዙ አያለሁ፣ ከዚያ ያለ ሰሌዳ ሲነዱ ተይዘው ስኩተሩ ይወሰድባቸዋል። የማቆያ ኪራዩ በየቀኑ እየጨመረ ሄዶ ከዋጋው ሲበልጥ ትተውት ይቀራሉ።

ሌላም የኔቫዳና የአሪዞና ወጥመድ አለ። ለአሸዋና ለጫካ የተሠራ ሞተር መብራትና መስተዋት ተገጥሞለት እዚያ የመንገድ ሰሌዳ አውጥቶ ታገኘዋለህ። ካሊፎርኒያ ስቲከሩን ታያለች። ስቲከሩ ከመንገድ ውጭ ለሚነዳ ነው የሚል ከሆነ 20,000 ማይል ቢሄድም የመንገድ ሰሌዳ አትሰጠውም። ኒንጃው ከዚህ ነጻ ነው።

እንግዲህ ስቲከሩ ካሊፎርኒያ ይላል ብለን እንቀጥል። ሻጩ ታይትሉ እጁ ላይ መኖሩን አረጋግጥ። በብድር የተገዛ ከሆነ ታይትሉ አበዳሪው ጋ ነው የሚሆነው፣ ብድሩ ተዘግቶ ታይትሉ እስኪመጣ አትክፈል። ታይትሉ ላይ ማይሉን፣ ቀኑንና ፊርማውን ሻጩ በትክክል ይሙላ፣ ስርዝ ድልዝ አይኑርበት። አንዲት የተሰረዘች ቁጥር ብቻ ሌላ ፎርም ታስመጣብሃለች። የሽያጭ ወረቀትም ጻፉ። የኔቫዳ ሰሌዳ የሰውየው ነው፣ ፈትቶ ያስቀረዋል። ስለዚህ በእሱ ሰሌዳ በአይ-15 አውራ ጎዳና እነዳዋለሁ አትበል። ትሬለር ተከራይ ወይም ፒክአፕ ያለውን ሰው እርዳኝ በለው።

ሎስ አንጀለስ ስትደርስ ለዲኤምቪ ቀጠሮ ያዝ። ሬጅ 343 የሚባለው የምዝገባ ማመልከቻ ነው፣ ሬጅ 31 ደግሞ የሻንሲ ቁጥሩ በዓይን መታየቱን የሚያረጋግጠው ነው። ሞተሩን ራሱን ይዘህ መሄድ አለብህ፣ ሠራተኛው ወጥቶ የሻንሲውን ቁጥር፣ የሞተሩንም ቁጥር ያያል። ሁለቱም ከጭቃና ከግሪስ የጸዱ ይሁኑ። በጨርቅ ጥረገው፣ አትፈግፍገው። የተፋቀ የሞተር ቁጥር የተሰረቀ ያስመስልብሃል፣ ያኔ ወደ ሀይዌይ ፖሊሱ ይልኩሃል፣ የዚያ ቀጠሮ ደግሞ የራሱ ወረፋ አለው።

ዋጋውን ስታሰላ ግብሩን አትርሳ። ኔቫዳ ውስጥ ከግለሰብ ስትገዛ የሽያጭ ግብር የለም። ሰው «በግብር ተረፍኩ» ይላል። አልተረፈም፣ ካሊፎርኒያ ስታስመዘግብ ዲኤምቪ ራሱ ይሰበስበዋል። ዝቅተኛው የግዛቱ መጠን 7.25 ከመቶ ነው፣ ሎስ አንጀለስ ግን ከ9 ከመቶ በላይ ነው። በ3,800 ዶላር ላይ ከ340 ዶላር በላይ ማለት ነው። ትሬለሩንና የምዝገባውን ጨምርና የ1,200ው ቅናሽ ምን ያህል እንደሚቀርህ ራስህ ደምረው። እኔ ስደምረው ያዋጣል፣ ግን በጣም አያዋጣም። እዚሁ ካሊፎርኒያ ሰሌዳ ያለው ሞተር 4,700 ቢገኝ እኔ ብሆን እሱን አልለቅም።

ቅድም ያቆየሁት የማርሚታ ነገር። የአጎትህ ልጅ ፎቶ ሲያነሳ ማርሚታውንም ያንሣው። ወጣቶች ኒንጃ ሲገዙ መጀመሪያ የሚቀይሩት እሱን ነው። ከ2013 ጀምሮ የተሠራ ሞተር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲነዳ ማርሚታው ላይ የፌዴራሉ የድምፅ ምልክት ታትሞ መታየት አለበት፣ ከሌለ ፖሊስ ይቀጣል። ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስት ተነቅሎ ከሆነ ወይም ካኒስተሩ ተፈትቶ ቱቦዎቹ በቡሽ ተደፍነው ከሆነ ደግሞ የድምፅ ብቻ ሳይሆን የጭስ ሕጉንም ጥሷል። ስሞግ የለም ማለት ነቅሎ መጣል ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ሻጩ ፋብሪካ የሠራውን ማርሚታ ጋራዡ ውስጥ አስቀምጦት ከሆነ አብሮ ይስጥህ። አዲስ ልግዛ ብትል የዋጋውን ቅናሽ ይበላብሃል።

የመጨረሻው የአንተ ወረቀት ነው። ለመኪና ያወጣኸው መንጃ ፈቃድ አይበቃህም፣ ኤም 1 የሚባለው የሞተር መንጃ ፈቃድ ያስፈልግሃል። የግዛቱን የሞተር ሥልጠና ብትወስድ ዕድሜህ 21 ካለፈም ቢሆን ይጠቅምሃል፣ ዲኤምቪ ጋ የመንዳት ፈተናውን ያስቀርልሃል። ከ21 በታች ከሆንክ ግዴታ ነው። ኢንሹራንሱ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ዝቅተኛው ጨምሯል፣ በአንድ ሰው ጉዳት 30,000፣ በአንድ አደጋ 60,000፣ ለንብረት 15,000 ዶላር ነው። ስትገዛው ግን ዝቅተኛውን ስጡኝ ብለህ ብቻ አትዝጋ። ዴሊቨሪ እንደምትሠራበት ተናገር። ተራው የግል ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ምግብ ጭነህ ስትሄድ የሚደርስብህን አይሸፍንም። ወኪሉ «አይሸፍንም» ካለህ የሚሸፍን ተጨማሪ ውል ይኖራቸው እንደሆነ ጠይቅ፣ መልሱንም በኢሜይል ይጻፍልህ።